ሳንባ ላይ «ነገር» ታየ ሲባል፦ ራጅ፣ ሲቲ፣ ፔት ወይስ ናሙና?

አክስቴ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ነቀርሳ ነው አሉኝ» አሉ።

የትኛው ነቀርሳ? እኛ ሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢን ነው። ነቀርሳ ብቻውን ሲጠራ ግን ብዙ ሰው የሚሰማው ካንሰር ነው። አንዱ መድኃኒቱን በሥርዓቱ የጨረሰ ሰው የሚድንበት ነው፣ ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ወር የሚቆጠርበት። አክስቴ የቱ እንደሆነ አላወቁም። ያያቸው ክሊኒክም በደንብ አላስረዳቸውም። ባጃጅ ይዤ አሮጌ ገበያ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩና ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ነቀርሳ የሚል ቃል የለበትም። ያለው «በቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል 14 ሚሊሜትር ኖጁል» የሚል ብቻ ነው፣ ከሥሩም ሲቲ ስካን ይነሱ የሚል ምክር።

እኔ ሐዋሳ የምሠራ ራዲዮግራፈር ነኝ። ራጅና ሲቲ አነሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የሚያክማችሁ ሐኪም። ግን ኮሪደር ላይ አስታማሚዎች የሚይዙኝ እኔን ነው፤ የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። አሁን የቱን እናሠራ? ሲቲው ኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ያለው ይሁን የሌለው? አዲስ አበባ ወስደን ፔት እናስነሳቸው? ለምን ዝም ብሎ በመርፌ ናሙና አይወሰድም? በሩጫ መሃል ቆሜ የምመልሰው መልስ አይበቃቸውም። ስለዚህ እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

አስቀድሜ የማምነውን ልናገር። ከእነዚህ ምርመራዎች «ምርጡ» የሚባል የለም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለው። ጥያቄያችሁን ሳታውቁ ውዱን ምርመራ ብታሠሩ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ጭንቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ቋንቋችን ቲቢንና ካንሰርን በአንድ ቃል እንደሚቀላቅል ሁሉ ማሽኖቹም ይቀላቅሏቸዋል።

ኖጁል ማለት

ሳንባ አየር ስለሆነ ምስል ላይ ጥቁር ይሆናል። እዚያ ጥቁር ላይ ክብ ነጭ ነገር ከታየና መጠኑ ከ3 ሴንቲሜትር ካልበለጠ ኖጁል ይባላል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ ጥርጣሬውም ይጨምራል። ሰው «እጢ» ብሎ ሲተረጉመው ቤተሰብ ይደነግጣል፤ እኔ ያን ቃል አልወደውም። ኖጁል የበሽታ ስም አይደለም። የድሮ ቲቢ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ያለች ትንሽ ንፍፊት ልትሆን ትችላለች፣ ሃማርቶማ የሚባል ጉዳት የሌለው እድገት ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ድንጋጤውን ትንሽ የሚያበርድ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። አሜሪካ ውስጥ 53,454 ብዙ ያጨሱ ሰዎችን ይዞ የተካሄደና ውጤቱ በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በሲቲ «አጠራጣሪ ነገር አለ» ከተባለባቸው ውጤቶች ውስጥ ከ100ው 96ቱ ካንሰር ሆነው አልተገኙም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ለዓመታት ሲያጨሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ በሲቲ የተከታተሉት ሰዎች በራጅ ከተከታተሉት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመሞት እድላቸው በ20 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ብሎ መተውም አያዋጣም።

ከሁሉም በፊት የድሮውን ፊልም ፈልጉ

ይሄ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል። ሌላውን ብትረሱ ይህንን አትርሱ።

ካንሰር ያድጋል። ጠባሳ አያድግም። ስለዚህ ካንሰሩን ከጠባሳው የሚለየው ጊዜ ነው፣ ጊዜን የምታገኙት ደግሞ ከድሮ ፊልም ነው። ጠጣር የሆነ ኖጁል ለ2 ዓመት መጠኑ ሳይለወጥ ከቆየ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም ተብሎ ይወሰዳል። እንግዲህ አስቡት፤ ከ3 ዓመት በፊት የተነሳችሁት ራጅ ቤት ካለና ያቺው ነገር እዚያም ላይ በዚያው መጠን ካለች፣ 2 ዓመት ጠብቃችሁ የምታገኙትን መልስ ዛሬ ከሰዓት በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው።

አክስቴን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተው ያውቃሉ?» «የለም» አሉ። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ መልስ ይሄ ነው። ትንሽ ቆየሁና በሌላ መንገድ ጠየቅኳቸው። ሳል ይዞዎት ያውቃል? ኦፕራሲዮን ተደርገው ያውቃሉ? ለውጭ አገር ጉዞ ሜዲካል አሠርተው ያውቃሉ? «ኧረ የዛሬ 7 ዓመት ሳል ጠንቶብኝ ነበር» አሉ። ፊልሙ ፍራሽ ሥር ተገኘ። ትንሽ ተጣጥፏል እንጂ ይታያል። መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ያቺ ነጥብ አለች። እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ አክላ። የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ራዲዮሎጂስቱ ስለሆነ ለአክስቴ የነገርኳቸው «ይሄን ፊልም ይዘን እንሄዳለን» ብቻ ነበር።

የድሮ ፊልም ስትፈልጉ ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ከልጆች የትምህርት ማስረጃ ጋር የተቀመጠ ፖስታ ውስጥ እዩ። የታከማችሁበት ሆስፒታል በኮምፒውተር ላይ አስቀምጦት ከሆነም ጠይቁ።

የእድገት ነገር ላይ አንድ የሚያሳስት ሒሳብ አለ። ኖጁል ሉል ነው፣ እንደ ሎሚ። ወርዱ 8 ሚሊሜትር የነበረ ኖጁል 10 ሲሆን «2 ሚሊ ብቻ ጨመረ» እንላለን፤ በይዘት ስታሰሉት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠጣር ካንሰሮች በአብዛኛው ይዘታቸውን እጥፍ ለማድረግ ከ1 ወር ገደማ እስከ 400 ቀን ይወስድባቸዋል። በሳምንት ውስጥ እጥፍ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ ለ2 ዓመት ያልተነቃነቀ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባሳ። በሌላ በኩል የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ከማሽን ማሽን፣ ከአንባቢ አንባቢ የሚመጣ የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላልና በእሱ አትደንግጡ።

ራጅ ወይስ ሲቲ?

ራጅ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ጨረሩም እዚህ ግባ አይባልም። ችግሩ መላውን ደረት አንድ ጠፍጣፋ ጥላ ላይ መደራረቡ ነው። የጎድን አጥንት፣ ልብ፣ የደም ሥር ሁሉ ከኖጁሉ ጋር ይደራረባል። ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ኖጁል በቀላሉ ይደበቃል። በተቃራኒውም ያሳስታል። የጡት ጫፍ ጥላ ኖጁል መስሎ ይታያል። የዳነ የጎድን አጥንት ስብራትም እንደዚሁ። የልብስ ቁልፍም፣ የተጠቀለለ ሹሩባም። ልብስ አውልቁ፣ ጸጉር ወደ ላይ ሰብስቡ የምንላችሁ ለዚህ ነው።

ሲቲ ደግሞ ሳንባን እንደ ዳቦ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ያሳያል። ራጅ «የሆነ ነገር አለ» ይላል፤ ሲቲ ምን እንደሚመስል፣ የት እንዳለ፣ ብቻውን መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ራጅ ላይ አዲስ ኖጁል ከታየና ከድሮ ፊልም ጋር ተነጻጽሮ ያልተፈታ ከሆነ፣ ራጁን ደጋግማችሁ አታሠሩ። ሁለት ሦስት ቦታ ራጅ ከምታሠሩ ያንን ገንዘብ ለአንድ ጥሩ ሲቲ አውሉት። ትኩሳትና የሳንባ ምች ምልክት ያለበት ሰው ግን ለየት ይላል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ አክሞ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ራጁን እንድገመው ቢል ተገቢ ነው። የምች ጥላ በህክምና ይጠፋል።

ሲቲ ከሆነ የትኛው ሲቲ?

ብዙ ሰው ኮንትራስት ያለው ሲቲ «ሙሉው» ሲቲ፣ የሌለው ደግሞ «ግማሹ» ይመስለዋል። ለኖጁል ይህ አይሠራም። ኖጁልን ለማየት፣ ለመለካትና ለመከታተል ኮንትራስት አያስፈልግም። እንዲያውም ውስጡ ካልሲየም መኖሩን ለማየት የሌለው ይመረጣል። ኮንትራስት የሚጠቅመው ደረት መሃል ያሉት ንፍፊቶችና የደም ሥሮች ሲፈለጉ፣ ወይም ካንሰር ነው ተብሎ ስርጭቱ ሲጠና ነው። ኩላሊታችሁ ችግር ካለበት፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት በኮንትራስት ሰውነታችሁ ተቆጥቶ ከሆነ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ንገሩን። ለዚሁ ብላችሁ ደፍራችሁ ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ከኮንትራስት ይልቅ መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁራጩ ቀጭን ነው ወይ? ለኖጁል 1 ወይም 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። 5 ሚሊሜትር እየቆረጥን 6 ሚሊሜትር የሆነች ነገር ብንፈልግ በአንድ ቁራጭ ላይ ብልጭ ብላ ታልፋለች፣ ውስጧ ምን እንዳለም አናይም። ሁለተኛ፣ ለክትትል ከሆነ በአነስተኛ ጨረር ማንሳት ይቻላል ወይ? መደበኛ የደረት ሲቲ ከ5 እስከ 7 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። አነስተኛ ጨረር ያለው 1.5 አካባቢ። ለማነጻጸር ያህል አንድ ሰው ከአፈርና ከሰማይ በዓመት የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ነው። አንድ ጊዜ ለሚነሳ አዋቂ ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለ5 ዓመት ለሚከታተል ሰው ግን ይደማመራል።

«ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» ስንላችሁ ደግሞ በደንብ ያዙ። ሳንባ ሲንቀሳቀስ ኖጁሉ ይደበዝዛል፣ ልኬቱም ይዛባል። ሳል ካለባችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፣ እንጠብቃችኋለን።

ሲቲ ምን ያሳያል?

ሲቲ አንዳንዴ ጉዳዩን እዚያው ይጨርሰዋል። ኖጁሉ መሃል ለመሃል ወይም ሙሉ በሙሉ በካልሲየም ከተሞላ፣ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ካልሲየም ካለው ወይም እንደ ፈንዲሻ የፈካ ካልሲየም ካለው በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሌላ ካንሰር ኖሮባቸው የሚያውቁ ሰዎች፣ በተለይ የአጥንት፣ ከዚህ ውጭ ናቸው። ውስጡ ስብ ከታየ ደግሞ ሃማርቶማ ነው ለማለት ይቀርባል። ጠርዝ ላይ ወይም ዝብርቅርቅ ብሎ የተቀመጠ ካልሲየም ግን ነጻ አያወጣም።

ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ደስ ይላል፣ ግን ዋስትና አይደለም። ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር ልቅም ያለ ክብ ሊሆን ይችላል። እንደ ጭጎጎት ዙሪያውን እሾህ ያወጣ ከሆነ ጥርጣሬው ይከብዳል። ሌላም አለ፤ ጠጣር ያልሆነ፣ እንደ ጉም የሳሳ ኖጁል። ይሄኛው ካንሰር ቢሆን እንኳ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የ2 ዓመት ሕግ አይሠራበትም፤ እስከ 5 ዓመት ይከታተሉታል። ጉሙ መሃል ጠጣር ነገር ከታየ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት ይሻል።

አሁን ወደ እኛ አገር ነገር ልምጣ። የውጭ መጻሕፍት «ኖጁሉ ሳንባው ላይኛው ክፍል ከሆነ ካንሰር የመሆን እድሉ ይጨምራል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ቲቢም የሚወደው ያንኑ ላይኛውን ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የቲቢ ጠባሳም እሾህ ያወጣል፣ ቲቢም ይቦረቡራል፣ ካንሰርም ይቦረቡራል። በኖጁሉ ዙሪያ ትናንሽ ነጥቦች ተበትነው ከታዩ ወደ ቲቢ ያዘነብላል እንጂ አያረጋግጥም። ለዚህ ነው አክታ ይመርመር ሲባል «ምስል ተነስቼ የለ እንዴ» ማለት የሌለባችሁ። የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል አክታ ውስጥ የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ምስል ሊመልስ የማይችለውን ይመልሳል። ኖጁል ብቻ ሲሆን አክታ ውስጥ የሚወጣው ባክቴሪያ ትንሽ ስለሆነ ነጻ የሚል ውጤት ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም፤ ከተገኘ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሳላነሳ ማለፍ የማልችለው በአንድ ጎረቤታችን ምክንያት ነው። 61 ዓመታቸው ነው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያጨሱ ነበር። ሳል ያዛቸው፣ ራጅ ተነሱ፣ ላይኛው ክፍል ላይ ነገር ታየ። አንድ ክሊኒክ አክታ ሳይመረምር፣ ሲቲ ሳያዝ የቲቢ መድኃኒት አስጀመራቸው። 6 ወር ሙሉ ወሰዱ። ሲጨርሱ ሲቲ የተነሱት እኛ ጋ ነበር፤ ማሽኑ ጋ ቆሜ ምስሉ ሲመጣ ሳየው ያች ነጥብ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ነበር። ያ 6 ወር አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ፦ የቲቢ መድኃኒት በግምት ከተጀመረ መቼ እንደገና ምስል እንደሚነሳ ያኔውኑ ጠይቁ። ህክምናው እየተወሰደ ኖጁሉ ካደገ «መድኃኒቱን እንጨርስ እስኪ» አትበሉ፣ ተመለሱ። ቲቢም ሆኖ ጠባሳው ሊቀር ስለሚችል አለመጥፋቱ ብቻ አያስደነግጥም። ማደጉ ግን ሌላ ነገር ነው።

መጠበቅ፣ ፔት ወይስ መርፌ?

ሲቲ ተነስታችሁ ካልተፈታ ሦስት መንገድ ይቀራል። ሐኪሞች በስፋት የሚጠቀሙበት የፍላይሽነር ሶሳይቲ የ2017 መመሪያ መንገዱን በመጠን ይከፋፍለዋል። ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመና ካንሰር ላለባቸው ይህ መመሪያ አይሠራም፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ለምሳሌ የተለየ ክትትል ይኖረዋል።

ጠጣር ሆኖ ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነና የማያጨሱ፣ ሌላ ስጋት የሌለባቸው ከሆነ ክትትል አያስፈልግም። ለሚያጨስ ሰው በ12 ወር አንድ ሲቲ ሊታሰብ ይችላል። ከ6 እስከ 8 ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ይደገማል። ከ8 በላይ ከሆነ ነው ጥያቄው የሚከብደው፤ በ3 ወር ሲቲ መድገም፣ ፔት ሲቲ ወይም ናሙና። ኖጁሎቹ ብዙ ከሆኑ የሚወስነው የሚያጠራጥረው ነው፣ ትልቁ ሁልጊዜ አይደለም።

መጠበቅ ብዙ ሰው እንደ ቸልተኝነት ያየዋል። «3 ወር ጠብቁ አለን፣ ሐኪሙ አላወቀም» ብለው ሌላ ሐኪም ጋ የሚሄዱ አሉ። ቀጠሮ ያለው መጠበቅ ግን ራሱ ምርመራ ነው። የሚበላሸው ቀጠሮው ሲረሳ ነው፤ ሳሉ ሲተው፣ ጥምቀት ሲመጣ፣ ጨምበላላ ሲደርስ፣ ልጅ ሲዳር ይረሳል። የአስታማሚ ትልቁ ሥራ ያንን ቀን መያዝ ነው።

ፔት ላይ ብዙ ተስፋ ስለሚጣል ረዘም አድርጌ ልናገር። ፔት የሚያየው ስኳር የሚበላውን ሴል ነው። ካንሰር ብዙ ስኳር ይበላል፣ ያበራል። ቲቢም ግን ይበላል፣ ያበራል። ፈንገስም፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የሳንባ ሕመምም። በ2014 የታተመ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ትንተና ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ የሳንባ ኢንፌክሽን በማይበዛባቸው ቦታዎች ፔት ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሰዎች 77ቱን በትክክል ነጻ ሲል፣ በሚበዛባቸው ቦታዎች ግን 61ዱን ብቻ ነው። እኛ ያለነው የሚበዛበት ቦታ ነው። ከ8 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ኖጁል ደግሞ አይታመንም። እንደ ጉም የሳሱትንና ካርሲኖይድ የሚባለውን ዓይነት ካንሰር ሆነው ሳለ ሊያልፋቸው ይችላል።

በዚያ ላይ ፔት በየከተማው የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ለምርመራው የሚወጋው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ጨረሩ በየ110 ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ አምጥቶ ማስቀመጥ አይቻልም። ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ የአስታማሚው ወጪ ሁሉ ይጨመራል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ በዕለቱ ስኳሩ ካልተስተካከለ ሊመልሱት ይችላሉ። እንግዲህ በእኔ አስተያየት እኛ አገር ፔት ዋጋ የሚኖረው ካንሰር መሆኑ ከታወቀ ወይም በብርቱ ከተጠረጠረ በኋላ፣ የት የት ደርሷል፣ ኦፕራሲዮን ይቻላል ወይ የሚለውን ለመመለስ ነው። «ካንሰር ነው ወይስ ቲቢ?» ለሚለው ጥያቄ ብላችሁ ንብረት ሸጣችሁ እንዳትሄዱ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ናሙና ነው። በሲቲ እየተመሩ ከውጭ በመርፌ ይወስዱታል። ኖጁሉ ወደ ትልቁ የአየር ቧንቧ ከተጠጋ ደግሞ በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ። መርፌው አደጋ አለው፤ ከ100 ሰው ወደ 15ቱ ሳንባቸው አየር ያፈስባቸዋል፣ ከእነሱ የሚበዙት በራሱ ይድንላቸዋል፣ ከ100ው 6 ወይም 7ቱ ግን ቱቦ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ለ5 ሚሊሜትር ኖጁል መርፌ የሚጠይቅ ቤተሰብ ከጥቅሙ ጉዳቱን እየጠየቀ ነው። ለ2 ሴንቲሜትር እሾሃማ ኖጁል መርፌ የሚፈራ ቤተሰብ ደግሞ ጊዜ እያጣ ነው። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ በመርፌው መንገድ ላይ መሰራጨት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ሳይታወቅ ከመቀመጥ ጋር አይወዳደርም።

ናሙና ከተወሰደ አንድ ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለቲቢም ይላካል ወይ? ሁሉም ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከተነከረ ባክቴሪያው ስለሚሞት ማሳደግ አይቻልም። መውሰጃው ሰዓት ላይ ማሰብ እንጂ በኋላ መጸጸት አይረዳም። «ካንሰር አልተገኘም» የሚል ውጤትም ሁልጊዜ መጨረሻ አይደለም፤ መርፌው ጎን መትቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ስም ካልተሰጠው ክትትሉ ይቀጥላል።

መርፌ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር ያለባችሁ ሌላም አለ። ከብትና ውሻ ጋር ያደጋችሁ ከሆነ ንገሩት። ከውሻ የሚተላለፍ ትል ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፣ ራጅ ላይ ልቅም ያለ ክብ ሆኖ ይታያል። ሳይታወቅ በመርፌ ከተበሳ ውኃው ፈሶ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ኤምአርአይና አልትራሳውንድ

ጨረር የላቸውም ብሎ የሚመርጣቸው ሰው አለ። አልትራሳውንድ አየር አያልፍም፣ ሳንባ ደግሞ አየር ነው። ደረት ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ነገር፣ ሳንባ ዙሪያ የቋጠረ ውኃ ወይም ጉበት ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ለማየት ግን ጎበዝ ነው። ኤምአርአይ ትንንሽ ኖጁል ላይ ከሲቲ አይበልጥም። የሚፈለገው ካንሰሩ ነርቭ ወይም ደረት ግድግዳ ነክቷል ወይ፣ ጭንቅላት ደርሷል ወይ ሲባል ነው።

ፊልሙን በቴሌግራም አትላኩ

የምስልን ፎቶ በስልክ አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሐኪም መላክ የተለመደ ነው። ቅን ሐሳብ ነው፣ ግን ሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁራጮች አሉት፤ እናንተ የምትልኩት በመስኮት ብርሃን የተነሳ አንድ ፊልም ነው። ካልሲየሙ አይታይም፣ መጠኑ አይለካም። ሲዲ ጠይቁ፣ ሪፖርቱንም ጭምር። ሲዲው ላይ ሙሉው ምስል መኖሩን እዚያው አስከፍታችሁ አረጋግጡ። የሚቀጥለውን ሲቲ ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው አነሳስ ተነሱ፤ ልኬቱ የሚነጻጸረው ያኔ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነም የድሮው ሲዲ ከእጃችሁ አይለይ። «ለማነጻጸር ያመጣነው ነው» ብላችሁ ለመዝገብ ክፍል ሳይሆን ለሚያነሳችሁ ሰው ስጡት። እኔ እንዲህ የሚለኝን ሰው በጣም ነው የምወደው፣ ሪፖርቱ ግማሽ እንደተጻፈ ነው የምቆጥረው።

የአክስቴ ሲቲ ያለ ኮንትራስት፣ በቀጭን ቁራጭ ተነሳ። ያቺ 14 ሚሊሜትር ነጥብ ሙሉ በሙሉ በካልሲየም የተሞላች ጠባሳ ሆና ተገኘች፤ የ7 ዓመቱ ፊልምም ያንኑ መሰከረ። የአክታ ውጤታቸውም ነጻ ነው። ሲቲው ግን ራጅ ያላየውን ሌላ ነገር አገኘ፤ ግራ ሳንባቸው ታች ላይ 4 ሚሊሜትር የሆነች ጠጣር ኖጁል። አክስቴ አጭሰው አያውቁም፣ ዕድሜ ልካቸውን ግን በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ ነው የኖሩት። ሐኪማቸው መመሪያው ባያስገድድም ጭሱን አስቦ ከ12 ወር በኋላ አንድ አነስተኛ ጨረር ሲቲ ይበቃል አሉ። ቀኑን በወፍራም እስክሪብቶ ፖስታው ላይ ጻፍኩት፣ የድሮውንም የአዲሱንም ፊልም ከነሲዲው አንድ ላይ አደረግኩ። አክስቴ ተቀብለው ወደ አልጋው ሲሄዱ አስቆምኳቸው። አሁን ፖስታው ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ በቁሙ።